ዲቪደንድ የሚከፍል ኢቲኤፍ መቼ ይገዛል? መቼስ ይሸጣል?

ሐይቅዳር (ሀዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሀዋሳ አቶቴ ነው የምኖረው። አሜሪካ ለረጅም ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። ፓስፖርቴም የእነሱ ነው። እዚያ እያለሁ ከደሞዜ እየቆነጠርኩ ሁለት ኢቲኤፍ (የብዙ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ጥቅል የያዘ፣ ራሱም እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ) ገዝቻለሁ፤ ኤስሲኤችዲ እና ቪዋይኤም። ሁለቱም በየሦስት ወሩ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ይከፍላሉ። ዲቪደንዱ እጄ አይገባም፤ ተመልሶ ራሱን አክሲዮን ይገዛል። እንደዚያ እንዲሆን አዝዣለሁ።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ትንሽ ዶላር አካውንቴ ላይ ተቀምጧል፤ ኤስሲኤችዲ ልጨምርበት አሰብኩ። የዲቪደንዱ ቀን ደግሞ ደርሷል። ከቀኑ በፊት ልግዛ ወይስ ካለፈ በኋላ? ሁለተኛ፣ ቤቴ ፊኒሺንግ ላይ ቆሟል። ከኢቲኤፉ የተወሰነ መሸጤ አይቀርም። ወንድሜ «ዶላር ገና ይወጣል፣ እንዳትሸጪ» ይላል። የአሉሚኒየም ሠራተኛው «ዋጋውን የምይዝልሽ እስከ ሳምንት ነው» ይላል። የቱን ልስማ?

ፈጣኑ

እትዬ ይሄማ ቀላል ነው። ከኤክስ ዲቪደንዱ ቀን (ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ሰው ዲቪደንዱ አይደርሰውም) አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ግዢ፣ ዲቪደንዱን ያዢ፣ በማግስቱ ሽጪ። ከዚያ ሌላኛው ላይ ዝለይ። ቀናቸው ካልገጠመ ሁለቱንም ትበያለሽ።

ቆጣቢ_ነኝ

ፈጣኑ፣ ነገ የምትወልድ ላም ገበያ ወጥታ ባለቤቷ ጥጃውን በነጻ ሲመርቅ አይተህ ታውቃለህ? ጥጃው ዋጋዋ ውስጥ ተቆጥሯል። ኢቲኤፍም ያው ነው።

በቁጥር እንየው። አክሲዮኑ ዛሬ 27 ዶላር ላይ ዘጋ እንበል። ዲቪደንዱ 26 ሳንቲም ነው። ነገ ኤክስ ዲቪደንድ ቀኑ ከሆነ፣ ገበያውን ሌላ ነገር ካልነካው በቀር 26.74 ላይ ይከፍታል። 27 ዶላር አወጣህ፤ አሁን በእጅህ ያለው 26.74 የሚያወጣ አክሲዮን እና ወደፊት የሚገባልህ 26 ሳንቲም ነው። ድምሩ ያው 27። እንዲያውም ይጎድላል፣ ምክንያቱም 26ቷ ሳንቲም ግብር አለባት።

ግብሩ ደግሞ ለሚዘል ሰው ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ በዝቅተኛው የዲቪደንድ ግብር፣ ማለትም በ0፣ በ15 ወይም በ20 በመቶ የሚስተናገደው አክሲዮኑን ረገብ ብሎ የያዘ ሰው ነው። ኤክስ ዲቪደንድ ቀኑን መሀል ባደረገ የ121 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ60 ቀን በላይ መያዝ አለብህ። አሳድሮ የሸጠ ሰው ዲቪደንዱ እንደ ደሞዝ ይቀረጥበታል።

ፈጣኑ

እኔ ግን በዚያው ቀን ዋጋው ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቆጣቢ_ነኝ

ልክ ነህ፣ ይወጣል። ገበያው በሙሉ በዚያ ቀን 1 በመቶ ከወጣ 27 ሳንቲም ተጨመረ ማለት ነው፣ የዲቪደንዱ ቅናሽ ይዋጣል። ያወጣው ገበያው ነው። ገበያው በወረደበት ቀን ግን ሁለት ጊዜ ትመታለህ፤ ያን ቀን ስክሪን ሾት የሚለጥፍ የለም።

ሂሳብ_በጣት

ስለ ቀኑ ትንሽ ልጨምር፣ ሰው የሚደናገርበት ነው። ኤክስ ዲቪደንድ ቀን ላይ የገዛ ሰው ዲቪደንዱ አይደርሰውም፤ ለሻጩ ነው የሚሄደው። ከግንቦት 2016 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ግዢና ሽያጭ የሚጠናቀቀው በአንድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ አሁን ኤክስ ቀኑ እና ስም የሚመዘገብበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ኤክስ ቀኑ ከምዝገባው በአንድ ቀን ይቀድማል የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ የድሮ ነው።

እና እትዬ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ ለዓመታት የምትይዢው ከሆነ ቀኑ ብዙም አያጣላም። ልዩነት አለ ከተባለ የግብር ነው። ቀኑ አልፎ ብትገዢ፣ ገና በገባሽ ሳምንት ግብር የሚቆጠርበት ገንዘብ አይመጣብሽም። እኔ ብሆን ቀኑን አሳልፌ እገዛለሁ፤ ግን እንቅልፍ አላጣበትም።

የሲያትል_ሹፌር

እኔ ቀን መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። ደሞዝ ሲገባ ራሱ ይገዛል፣ ወጣ ወረደ አላይም። መኪና እየነዱ ቻርት ማየት አደጋ ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ገንዘቡ አሁን እጅሽ ላይ ካለ ከፋፍሎ መግዛት ሁሌ ብልህነት አይደለም። ቫንጋርድ የሚባለው የአሜሪካ የፈንድ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አንዴ ሙሉውን ያስገባ ሰው፣ ከፋፍሎ ካስገባው በሁለት ሦስተኛው ጊዜ ገደማ በልጧል። ምክንያቱም ገበያ ከሚወርድበት ይልቅ የሚወጣበት ጊዜ ይበዛል።

አሞራ_ገደል

ሁለት ሦስተኛ ማለት ከሦስቱ በአንዱ አልቅሰሽ ታድሪያለሽ ማለት ነው። ጥናቱ ስለ ልብ ድካም አያወራም።

የሲያትል_ሹፌር

😄 እሱም እውነት ነው። ልብሽ ካልቻለ በሦስት ከፍለሽ ግዢ። ትንሽ ብታጪም ተረጋግተሽ ትቆያለሽ። ደንግጦ የሚሸጥ ሰው ነው ከሁሉ በላይ የሚከስረው።

ፈጣኑ

እሺ ዝላዩን ተውኩት። ግን ለምን ኤስሲኤችዲ? 3 ከምናምን በመቶ ነው የሚከፍለው። ጄኢፒአይ የሚባለው በየወሩ ይከፍላል፣ መቶኛውም እጥፍ ገደማ ነው። ሰው መቼ ልግዛ ብሎ ከሚጨነቅ ብዙ የሚከፍለውን አይገዛም?

ቆጣቢ_ነኝ

መቶኛው እንዴት እንደሚሰላ ካየህ ትበርዳለህ። ዓመታዊ ዲቪደንዱ ለዋጋው ሲካፈል ነው። 100 ዶላር የነበረ አክሲዮን 4 ዶላር ከከፈለ 4 በመቶ ነው። ኩባንያው ታሞ ዋጋው 50 ሲገባ፣ ዲቪደንዱ እስኪቆረጥ ድረስ 8 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ዝርዝር ከፍተህ ከላይ ወደ ታች በመቶኛ ስትደረድረው መጀመሪያ የምታገኘው ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ነው። ኢንቴልን አስታውስ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዲቪደንዱን ቆረጠ፣ በ2024 ጭራሽ አቆመው።

ጄኢፒአይ የተጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሽተኛ አይደለም፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ገበያው ሲወጣ ከሚገኘው ትርፍ የተወሰነውን ቀድሞ ለሌላ ይሸጥና በዚያ ብር በየወሩ ይከፍልሃል። ገበያው በኃይል ሲወጣ ከኋላ ትቀራለህ። የሚከፍለውም አብዛኛው በመደበኛው የገቢ ግብር ነው የሚቀረጠው። ጡረታ ወጥቶ በየወሩ ብር የሚፈልግ ሰው ሊይዘው ይችላል። ገና ለሚያጠራቅም ሰው አልመክርም።

ኤስሲኤችዲ ደግሞ በአስተዳደር ክፍያ ከ10,000 ዶላር በዓመት 6 ዶላር ነው የሚወስደው። ቢያንስ ለ10 ዓመት ሳያቋርጡ ዲቪደንድ የከፈሉ ኩባንያዎችን ነው የሚለቅመው። በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ ያጣራል፤ የደከመውን ያስወጣል፣ ሌላ ያስገባል። ማለትም ከውስጥ መሸጡን እሱ እየሠራልሽ ነው እትዬ። አንቺ መወሰን ያለብሽ ጠቅላላውን መያዝና አለመያዝ ብቻ ነው።

አሞራ_ገደል

ያ ማጣሪያም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) ዲቪደንዱ ተጨምሮበት እንኳ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ኤስሲኤችዲ የወረደው 3 በመቶ ገደማ ነበር። ሁሉም «አገኘነው» ብሎ ገባ። በ2023 ገበያው 26 በመቶ ሲወጣ እሱ 5 በመቶ እንኳ አልሞላም። የገቡት ተናደው ወጡ። በወጣ ማግስት ገዝቶ፣ በዘገየ ማግስት መሸጥ። ሰው የሚከስረው እንዲህ ነው፤ ፈንዱ ምንም አላጠፋም።

ሐይቅዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ገብቶኛል። ሁለተኛውስ? ወንድሜ ቡና በመጣ ቁጥር ይቆጣኛል። «ሐምሌ 2016 ላይ የሸጡት ምን ሆኑ?» ነው የሚለኝ።

ሂሳብ_በጣት

ወንድምሽ የሚለው ገብቶኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ከ58 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ በፊት መንዝሮ ብር ያስቀመጠ ሰው ተጎድቷል፣ አይካድም።

ግን ወንድምሽ ሁለት ነገር አንድ ላይ አደባልቋል። ኢቲኤፉን መሸጥ አንድ ውሳኔ ነው። ዶላሩን ወደ ብር መመንዘር ሌላ ውሳኔ ነው። በአንድ ቀን መደረግ የለባቸውም። ኢቲኤፉን ሽጠሽ ገንዘቡን በዶላር ማቆየት ትችያለሽ፤ እዚያው አካውንትሽ ላይ፣ ወይ እዚህ ባንክ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተሽ። ብር የምታደርጊው ለሠራተኛው በምትከፍይበት ሳምንት ነው።

አሁን ወደ መሸጡ እንምጣ። መቼ ለሚለው የኔ መልስ አጭር ነው፦ ብሩ የሚፈለግበትን ቀን ካወቅሽ ገበያውን አትጠብቂ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ኤስ ኤንድ ፒ 500 34 በመቶ ወርዷል። ወር ከምናምን ውስጥ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ተመልሷል፤ የታገሠ ሰው ምንም አልሆነም። የሴራሚክ ብር ግን መታገሥ አይችልም። የዘንድሮ የቤት ወጪ አክሲዮን ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የሚያስፈልግሽን ያህል አሁን አውጪ፣ የቀረው ይቀመጥ።

ቆጣቢ_ነኝ

እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመሸጥሽ በፊት የዲቪደንዱን መልሶ መግዛት አጥፊው። አንድ እጅሽ እየሸጠ ሌላው እየገዛ ነው። በጥሬው ይግባልሽ፤ ለቀለም ይሆናል።

ሂሳብ_በጣት

ጎሽ፣ ይሄን ልለው ነበር። ከግብር አንጻርም ወጥመድ አለበት። ከገዛሽው በታች በኪሳራ የምትሸጪው አክሲዮን ካለ፣ ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ ኢቲኤፍ ከገዛሽ ኪሳራውን ለዚያ ዓመት አይቆጥሩልሽም። ራሱ የሚገዛው ዲቪደንድም እንደ ግዢ ነው የሚታየው። ሦስት አክሲዮን ብቻ ቢገዛ እንኳ፣ በሦስቱ ልክ የኪሳራ ቅናሹ ይዘገይብሻል። ሰው ዓመቱ ሲዘጋ ወረቀቱ ላይ አይቶ ነው የሚገርመው።

ሌላው፣ ለዓመታት እየገዛሽ ስለቆየሽ አንዱ ክምር ርካሽ ነው፣ ሌላው ውድ። ስትሸጪ የትኛው ይሸጥ የሚለውን ራስሽ መምረጥ ትችያለሽ። ዝም ካልሽ ብሮከሩ (አካውንትሽ ያለበት አገበያይ ድርጅት) በራሱ መንገድ ይመርጥልሻል። ከአንድ ዓመት በላይ የቆየውን ምረጪ፤ ግብሩ ዝቅ ይላል። ሌላ ገቢሽ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ለ2025 የግብር ዓመት ላላገባ ሰው ግብር የሚታሰብበት ገቢ እስከ 48,350 ዶላር ከሆነ የረጅም ጊዜ ትርፍ ግብር 0 በመቶ ነው። እንደ አሜሪካ ዜጋ ሀዋሳ ብትኖሪም በየዓመቱ ታሳውቂያለሽ፣ ይሄን እንደማትረሺ አውቃለሁ። ሽያጩን ከታኅሣሥ 31 በፊትና በኋላ ለሁለት ከከፈልሽው በሁለት ዓመት ግብር ላይ ይበተናል። «መቼ» የሚለው ጥያቄ በትክክል ብር የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው።

የታቦር_ልጅ

እትዬ ሐይቅዳር፣ ይቅርታ እያቋረጥኩዎት ነው። እኔም ሀዋሳ ነኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ እሠራለሁ። ዶላር የለኝም፣ የውጭ ፓስፖርትም የለኝም። ኤስሲኤችዲ በብር መግዛት የሚቻልበት መንገድ አለ? አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «በቴሌብር ላክ፣ እኛ እንገዛልሃለን፣ በወር 10 በመቶ ዲቪደንድ» ይላሉ።

ቆጣቢ_ነኝ

አትላክ። አትላክ። አትላክ። ኤስሲኤችዲ ራሱ በዓመት 10 በመቶ ዲቪደንድ አይከፍልም፤ በወር ከየት አምጥተው ነው?

ሂሳብ_በጣት

ታናሽ ወንድሜ፣ እዚህ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ብሩን ወደ ውጭ አክሲዮን መላክ አይችልም። እዚህ ሀገር ሰነደ መዋዕለ ንዋይ የሚያሻሽጥ ሰውም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ጠይቃቸው፤ ወዲያው ብሎክ ያደርጉሃል።

ቢቻልም እንኳ ላንተ ሒሳቡ ሌላ ነው። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ዲቪደንዱ ላይ ከምንጩ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ያላቸው ሀገሮች ሰዎች ይቀነስላቸዋል፤ ኢትዮጵያ ያን ስምምነት የላትም። ከ100 ዶላር ዲቪደንድ 70 ነው እጅህ የሚገባው።

አዳማዊው

እኔ ከአዳማ ነኝ፤ ለታቦር ልጅ የሀገር ውስጡን ልንገረው።

ዲቪደንድ እዚህም አለ። የባንክ አክሲዮን ነው አብዛኞቻችን የምናውቀው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጠቅላላ ጉባኤው ብዙ ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ምን ያህል እንደሚከፈል የሚጸድቀው እዚያ ነው። እንደ ፈጣኑ በዋዜማው ገዝቶ መብላት የለም። አዲስ አክሲዮን የገዛ ሰው ብዙ ባንኮች ዘንድ ዲቪደንዱ የሚታሰብለት ገንዘቡ ባንኩ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው።

ችግሩ መሸጡ ላይ ነው። እነ እትዬ ኢቲኤፋቸውን በአንድ ጠቅታ ይሸጣሉ። እኔ የባንክ አክሲዮኔን ልሸጥ ብዬ ገዢ ፍለጋ ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ ለካፌ ነው የዞርኩት። የተገኘው ገዢ ዋጋ ሰበረ፣ ዝውውሩም ቢሮ ለቢሮ ነው። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ስላደረገው፣ ብዙ ጉባኤ ላይ «ዲቪደንዱን አክሲዮን ግዙበት» ነው የሚባለው። ወረቀቱ ይጨምራል፣ ኪስ ግን አይሞላም።

አሁን በር ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፣ ቀጥሎ ገዳ ባንክ። ኢትዮ ቴሌኮምም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ አክሲዮኑን በ300 ብር ሂሳብ በቴሌብር ሸጧል፤ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ስለዚህ የታቦር ልጅ፣ አንተ መጠየቅ ያለብህ «መቼ ልግዛ» ሳይሆን «ስፈልግ ለማን እሸጣለሁ» ነው። ለኪራይና ለትምህርት ቤት የምትፈልገውን ብር የባንክ አክሲዮን ውስጥ እንዳትከት።

የታቦር_ልጅ

ገባኝ። ቻናሉን ለቅቄ ወጣሁ። ፈቃዳቸውን ብጠይቃቸው «አንተ የድህነት አስተሳሰብ ነው ያለህ» አሉኝ 😂

ሐይቅዳር

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ደብተር ላይ ጻፍኩት። አሉሚኒየሙና ሴራሚኩ በቅርብ የሚከፈሉ ናቸው። የሁለቱን ያህል አሁን እሸጣለሁ፣ ከአሮጌው ክምር። ቀለምና በር ከጥር በኋላ ነው፤ እሱ ለሚቀጥለው የግብር ዓመት ይዞራል። ግን ሂሳብ_በጣት እንዳለችው ገበያ አልጠብቅበትም፤ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይሸጣል። የሚቀረው ቪዋይኤምና ኤስሲኤችዲ የእርጅናዬ ነው፣ ማንም አይነካውም። አዲስ ልገዛበት ያሰብኩትንም ተውኩት። አንድ እጄ እየሸጠ ሌላው የሚገዛበት ምክንያት አልታየኝም።

ወንድሜን ደግሞ ዶላሩን በየክፍያው እንደምመነዝር ነገርኩት። ተረጋጋ። ለማንኛውም ቡናውን አልቀነሰም።

አንድ የቀረኝ፦ ኦርደሩን ስንት ሰዓት ላይ ላስገባ? እዚያ እያለሁ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር የማደርገው።

የሲያትል_ሹፌር

ገበያው በኒውዮርክ ሰዓት ጠዋት 9:30 ይከፈታል። በሀዋሳ አቆጣጠር በበጋ ሰዓታቸው ከቀኑ 10:30 ነው፤ ኅዳር ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 11:30 ይሆናል። እንደተከፈተ አትሽጪ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ ይላል። ከምሽቱ 12:30 እስከ 2:00 ጥሩ ነው። እና በገበያ ዋጋ ብለሽ አትልቀቂው፤ ሊሚት ኦርደር አድርጊ፣ የምትቀበይውን ዝቅተኛ ዋጋ ጽፈሽ። መብራት ቢሄድ ወይ ኔትወርክ ቢቆራረጥ እንኳ ካስቀመጥሽው በታች አይሸጥም።

ሂሳብ_በጣት

ሽያጩ በተደረገ ማግስት ገንዘቡ ይለቀቃል። ዓርብ ከሸጥሽ ሰኞ ነው። ለአሉሚኒየሙ ሰውዬ ቀን ስትሰጪው የባንክ ዝውውሩንም ጨምረሽ ቁጠሪ።

አሞራ_ገደል

እትዬ፣ የሰውዬውን ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። እኔን ዋጋ የያዘልኝ ለሁለት ቀን ነው።